ተሸናፊው ያመሰገነበት ጠዋት

«እሁድ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፤ ተነጋግረን ጨርሰናል» አለቻት አክስቷ፣ ከታችኛው ፎቅ ጎረቤት የተዋሰችውን ወንበር ከእጇ ላይ እየተቀበለች።

ዳኛዬ ትንፋሿ እስኪመለስ በሩን ተደግፋ ቆመች። ሳሎኑ ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት ነው የዋለው። ሶፋው ላይ ሴቶቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ ሕፃን የታቀፉት መኝታ ቤት ገብተዋል። የሚመጣው ሁሉ እናቷን አቅፎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይልና ቀና ሲል መቀመጫ ያጣል። ይህ የአንድ የቀድሞ ሚኒስትር ቤት ነው ቢባል የማያውቅ ሰው አያምንም። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ መስኮቱ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው የሚያይ፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው ቤት ነው።

ዳኛዬ እውነተኛ ስሟ አይደለም። በልጅነቷ የሰፈር ልጆች ሲጣሉ መሐል ገብታ «አንተ ጥፋተኛ ነህ፤ አንቺ ደግሞ ይቅርታ ጠይቂ» ማለት ትወድ ስለነበር አባቷ ያወጣላት ነው። አድጋ ጠበቃ ስትሆን ስሙም አብሯት አደገ።

«እናትሽ እንኳን ልትናገር መቆምም አቅቷታል» ቀጠለች አክስቷ። የሟች ታላቅ እህት ናት፤ ምላሷ እንጂ ሆዷ ክፉ አይደለም። «እኔ ከተናገርኩ ደግሞ የማስቀይመው ሰው ይበዛል። ጠበቃ አይደለሽ እንዴ? በሰው ጉዳይ ስትከራከሪ ትውያለሽ፤ ለአባትሽ አንድ ቀን ብትቆሚ ምን ይልሻል?»

«ሌላ ሰው ፈልጉ» አለች ዳኛዬ ቀስ ብላ፤ የተሰበሰበውን የሻይ ብርጭቆ ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

መንግሥት ትልቅ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላዘጋጅ ብሎ ነበር። አዳራሽ፣ የሙዚቃ ጓድ፣ ሰንደቅ ዓላማ፣ ንግግር ያለበት። እናቷ ግን ለመጡት ባለሥልጣናት፣ ባሌ በሕይወት እያለ የሸሸውን ሞቶ ዝም ስላለ አልጭንበትም አለቻቸው። እሁድ ጠዋት ያስቀድስበት በነበረው ቤተ ክርስቲያን የምስጋና ጸሎት ይደረጋል፤ ከቤተሰብ አንድ ሰው ጥቂት ይናገራል፤ በቃ። ያ አንድ ሰው ማን እንደሚሆን የጠየቀ አልነበረም። ሟቹ አንድ ልጅ ነው ያለው።

ዳኛዬ ብርጭቆውን እያጠበች ከሳሎን የሚመጣውን ሹክሹክታ ትሰማለች። ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ትንሽ ከቆየ ወሬው መዞሩ አይቀርም፤ በዚህ ቤት ደግሞ የሚዞረው ወደ አንድ ጠዋት ነው። አንዷ፣ ያን ቀን እሱ ባይኖር ኖሮ ስንታችን ዛሬ እንኖር ነበር ትላለች። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዶክተሩ ጥሩ ሰው ነበር፤ ግን ያን ቀን በእጃችን የገባውን አሳልፎ ሰጠብን ይላል። እሁድ መድረክ ላይ የምትወጣው ልጅ ስለዚያ ጠዋት አንድ ነገር ማለት ይኖርባታል። የምትለውን ነው ያጣችው።

አባቷ የከብት ሐኪም ነበር። ወጣትነቱን ያሳለፈው ከገጠር ገጠር ሲዞር፣ እጁን እስከ ትከሻው አስገብቶ ጥጃ ሲያዋልድ ነው። ሕዝብ እንደራሴ አድርጎ መርጦት ምክር ቤት ሲገባ ተቃዋሚዎቹ፣ ለሥልጣን የበቃው ላም አዋልዶ ነው እያሉ ያሾፉበት ነበር። እሱም ምክር ቤቱ ፊት ተነስቶ፣ ልክ ነው፣ እስካሁን ግን ያማችኝ ላም የለችም አለ። የሳቁት ያሾፉበት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ።

ማዕድ ላይ ምስጋናው ረጅም ነው። አክስቷ እሱ አሜን እስኪል ሾርባው በረዶ ይሆናል ትል ነበር። ስለ ዝናቡ ያመሰግናል፤ ስለ ሾፌሩ፣ ስለ ፖስተኛው፣ መብራት ጠፍቶ ስለተገናኙበት ምሽት ያመሰግናል። ከዚያ ደግሞ በጋዜጣ የዘለፉትን ሰዎች በየስማቸው እየጠራ፣ «እኛ ያላየነውን ስላዩልን ተመስገን» ይላል። ዳኛዬ ትንሽ ልጅ ሆና ይህን ስትሰማ አንድ ዓይኗን ገልጣ ታየው ነበር፤ ይቀልድ እንደሆነ ለማወቅ። አይቀልድም ነበር።

የግብርና ሚኒስትር በሆነ ጊዜ አገሩን የከብት በሽታ መታው። ከቤቱ ጠፍቶ ከረመ፤ ሲመለስ ሰውነቱ ከስቶ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበጅቶለት ነበር። በሽታው ሲገታ ሜዳሊያ ተዘጋጀለት፤ ዳኛዬም ያኔ የሕግ ተማሪ ነበረችና ከእናቷ ጎን ተቀምጣ አየች። አባቷ ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ከመግባቱ በፊት ማይክራፎኑን ጠየቀ። ክትባቱን ይዘን የደረስነው ግማሹ ከብት ካለቀ በኋላ ነው አለ። ዘግይተናል፤ የዘገየነው ደግሞ እኔ የባለሙያዎቼን ምክር በጊዜ ስላልሰማሁ ነው። የተረፈው የተረፈው በእግዚአብሔር ቸርነትና ከብቶቻቸውን ለይተው በጠበቁ ሰዎች ልፋት ነው። ከብታቸው ያለቀባቸውን ሰዎች ይቅርታ እጠይቃለሁ ብሎ፣ ሜዳሊያውን ሳይወስድ ወርዶ ተቀመጠ። የሥራ ባልደረቦቹ ተቆጡ፤ እኛንም አብረህ አዋረድከን አሉት። ዳኛዬ ግን ያን ቀን በኩራት ልትፈነዳ ደርሳ ነበር። እንዲህ ያለ አባት ያለው ማን አለ ብላ ነበር።

በረንዳው ላይ አንድ ጎልማሳ ብቻውን ተቀምጦ ታያትና ሻይ ይዛለት ወጣች። በምርጫው ዘመን አባቷን ከከተማ ከተማ ይዞ የዞረው ሾፌር ነው። ብርጭቆውን ተቀበለ። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ ያን ቀን ከዚህ በረንዳ ሥር እስከ አደባባዩ ድረስ ሰው ሞልቶ እንደነበር ነገራት፤ እንደማታውቅ ሁሉ። መኪናውን አስነስቶ ትእዛዝ ይጠብቅ ነበር። ወደ ቤታችሁ ግቡ የሚለውን የአባቷን ንግግር በሬዲዮ ሲሰማ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

«አልተቀየምኩትም» አለ ሾፌሩ። «ግን አልገባኝም። እስከ ዛሬም አልገባኝም።»

«እኔም» አለች።

ያን ጠዋት ከማንም በላይ የምታስታውሰው እሷ ናት። አባቷ ለአገሪቱ መሪነት ተወዳድሮ በጥቂት ድምፅ ተሸንፏል ተብሎ ነበር። ዳኛዬ ከሌሎች ጠበቆች ጋር እንቅልፍ ሳታይ የሰነበተችበት አቤቱታ ተጠናቆ ነበር፤ በሦስት ወረዳዎች የድምፅ ሣጥኖቹ ታዛቢ በሌለበት ተከፍተዋል፤ ምስክሮች አሉ። ፍርድ ቤቱ ሲከፈት ልታስገባ ጫማዋን እያደረገች ሳለ አባቷ ከውጭ ገባ። ወዴት ሄዶ እንደነበር አልጠየቀችውም። ጫማው አቧራ ለብሷል፤ ፊቱ ግን ጸጥ ብሏል።

«ዳኛዬ፣ አቤቱታውን አታስገቢው» አላት።

ቀልድ መስሏት ነበር። ከዚያ ፊቱን አየች።

«ተሰርቀናል፣ አባዬ።»

«ይሆናል።»

«ይሆናል አይደለም። ነው። ያነበብከው አንተ ነህ።»

«የጻፍሽው ትክክል ነው» አለ። «ዛሬ ከገባ ግን መንገድ ላይ ያሉት ልጆች ማታ ወደ ቤታቸው አይመለሱም።»

ያኔ ነው እስከ ዛሬ ጆሮዋ ላይ የቀረውን ቃል የተናገረችው። «ድምፁ ያንተ ቢሆን ኖሮ መስጠት ትችል ነበር። ያንተ አይደለም። ተሰልፎ የሰጠህ ሰው ነው። በምን መብትህ ነው በሰው ንብረት የምትለግሰው?»

«እውነትሽን ነው» አለ አባቷ። ባርኔጣውን አነሳና ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደ። ንግግሩ አጭር ነበር። እግዚአብሔር አገራችንን ስላቆየልን አመሰገነ፤ አሸናፊውን እንኳን ደስ አለህ አለ፤ ደጋፊዎቹን፣ ስለምትወዱኝ ወደ ቤታችሁ ግቡ፣ በእኔ ምክንያት የሚለቀስበት ቤት አይኑር አለ። ሰውም ገባ።

ዳኛዬ በዚያው ወር ሌላ ከተማ ሥራ ይዛ ሄደች። ተጣልተው አልተለያዩም፤ ይህ ነው የባሰው። በበዓል ትመጣለች፤ ጤናውን ትጠይቃለች፤ ያመጣችውን ፍራፍሬ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ማዕድ ሲቀርብ እሱ ያመሰግናል፤ እሷ ዓይኗን ሳትጨፍን መስኮቱን ታያለች። በታመመ ጊዜም መጣች፤ ግን እንደ ጠያቂ ነው የመጣችው። አልጋው አጠገብ ወንበር ይዛ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሊነግራት የፈለገው ነገር ያለ ይመስል ያያት ነበር። ነገ ይነግረኛል አለች። ነገ አንደበቱ ተያዘ።

ከሰዓት በኋላ ደረጃው ላይ ዝግ ያለ የእግር ድምፅ ተሰማ። አንድ ሰው ጥቂት ይወጣል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይወጣል። በሩ ላይ የታየው ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ሽማግሌ ነበር፤ ጥቁር ካፖርቱ ሰፍቶታል፤ ከንፈሩ ከድካም ነጥቷል። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ያን ምርጫ ያሸነፈው ሰው ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት፤ ሥልጣኑን ከለቀቀም ቆይቷል።

ሾፌሩ ከበረንዳው ገብቶ አየውና ኮቱን አንስቶ ሊወጣ ሲል አክስቷ በሩን ሞላችው። የሰው ለቅሶ ላይ ቂም አይቆጠርም፣ ተቀመጥ አለችው። ተቀመጠ። ሽማግሌው ማንንም ሳይጨብጥ በቀጥታ ወደ እናቷ ሄደ። እናቷም እንደ ሌላው ሰው ሁሉ አቅፋ ተቀበለችው፤ እንዲያውም ከሌላው ሰው ረዘም አድርጋ። ዳኛዬ ይህን አይታ ተገረመች። የሚተዋወቁ ሰዎች አተቃቀፍ ነበር።

እናቷ በጆሮው አንድ ነገር አለችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ፣ «ሊያነጋግርሽ ይፈልጋል። ወጥ ቤት ጸጥ ይላል» አለች።

ሽማግሌው ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ዳኛዬ ከማጠቢያው አጠገብ ቆመች። ውሃ ለመነ፤ ሰጠችው። ያኔ አንድ ጥያቄ ከአፏ አመለጣት፤ ለዓመታት በሆዷ ስታመላልሰው የኖረችው ነው።

«ያን ምርጫ አሸንፈው ነበር?»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አላውቅም» አለ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዳላውቅ የፈለጉ ሰዎች በዙሪያዬ ነበሩ። እኔም አልጠየቅኳቸውም።»

ዳኛዬ ይክዳል ብላ ነበር የጠበቀችው። ለክህደቱ የተዘጋጀው መልሷ አፏ ላይ ቀረ።

ከዚያ ያን ጠዋት እሱ በኩል ምን እንደነበር ነገራት። የጦር አዛዡ እሱ ቤት ሳሎን ውስጥ ቆሞ ቃሉን እየጠበቀ ነበር። አቤቱታው እንደገባ ሰው አደባባይ ይወጣል፤ ሰው እንደወጣ ወታደሮቹ ይሰማራሉ። አስቦበት ይሁን ብሎ ወስኖ ነበር። ወሰንኩ ሲል ድምፁ አልተለወጠም፤ ዓይኑን ብቻ ወለሉ ላይ ጣለ። ያን ጊዜ ጠባቂው ገብቶ፣ በር ላይ የከብት ሐኪሙ ቆሟል፣ ብቻውን ነው፣ በእግሩ ነው የመጣው አለው።

«ሊለምነኝ የመጣ መስሎኝ ነበር» አለ ሽማግሌው። «ወይም ሊያስፈራራኝ። አንዱን ቢያደርግ ይቀለኝ ነበር። ገብቶ፣ መጀመሪያ እናመስግን፣ ከዚያ እንነጋገራለን አለኝ። እኔ ከልጅነቴ ወዲህ ጸልዬ አላውቅም። አዛዡ ቆሞ እያየን እሱ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ። ምን ላድርግ? ተንበረከክኩ።»

«ምን አለ?»

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ሸክም ከእኔ ላይ ስላነሳህልኝ ተመስገን አለ። ለዚህ ሰው ሰጥተኸዋል፤ ይከብደዋልና እርዳው። እጁ ሰው ላይ እንዳይከብድ አድርግ። አሜን። ሌላ ነገር የለውም። ቀና ስል አዛዡ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር።»

ሳሎን ውስጥ አንድ ሕፃን አለቀሰና ዝም አለ። ዳኛዬ የማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች።

አባቷ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የጠየቀው። አንደኛው መምጣቱን ማንም እንዳይሰማ ነው። ለምን ቢለው፣ ዛሬ ወንበር ላይ የምትወጣው አንተ ነህ፤ ተሸናፊው መጥቶ አረጋጋው ከተባለ ነገ ማን ይሰማሃል፣ እኔም ብሆን ስመሰገን ልቤ ያብጣል፣ ይቅርብኝ አለው። እናቷ ያወቀችው ራሷ ጫማውን አይታ ስለጠየቀችው ነው፤ እሷንም አስምሏታል።

«ሁለተኛው ስለ አንቺ ነው» አለ ሽማግሌው። «ልጄ እውነት ይዛለች፤ እኔ እሷን በድዬ ነው አንተ ዘንድ የመጣሁት አለኝ። ቀኑ ሲበርድ የጻፈችውን አንብበው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳይደርስ ሕጉን አስተካክል አለኝ። አነበብኩት። ድምፅ በተሰጠበት ቦታ፣ ታዛቢ እያየ ይቆጠር የሚለው ሕግ ከየት የመጣ ይመስልሻል? ያንቺን አቤቱታ ነው ሕግ አድርገን ያጸደቅነው፤ ቃሉ ራሱ ብዙ አልተለወጠም።»

ዳኛዬ ሕጉን በቃሏ ታውቀዋለች። ፍርድ ቤት ቆማ ጠቅሳዋለች። አንዳንዱ አንቀጽ የራሷን አነጋገር ሲመስላት፣ ጠበቃ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚጽፈው ብላ አልፋዋለች።

«በሚቀጥለው ምርጫ በዚያ ሕግ ተቆጥሬ ወደቅሁ» አለ ሽማግሌው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሩ ወደ ፈገግታ ሄደ። «ያወረድሽኝ አንቺ ነሽ፣ ልጄ። ስወርድ ስልኬ ጸጥ አለ። ቤቴን ያንኳኳ ሰው አንድ ብቻ ነው። ማን እንደሆነ አልነግርሽም። እናመስግን አለኝ ደግሞ። በምኑ ስለው፣ በሰላም ስለወረድክ፣ ይህን አገራችን ከዚህ በፊት አይታ አታውቅም አለኝ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እንገናኝ ነበር። ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ አንቺ ነው።»

«ለምን አልነገረኝም?» አለች። ድምፅዋ የሷ አልመሰላትም።

«ጠይቄዋለሁ። ልጄ የተቀየመችኝ በተገቢ ነገር ነው፤ እኔ ደህና ሰው መሆኔን ነግሬ ቅያሜዋን ልነጥቃት አልፈልግም አለ። በታመመ ጊዜ ግን ሐሳቡን ሳይለውጥ አልቀረም። ስትመጣ እነግራታለሁ ብሎኝ ነበር።»

ዳኛዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ታች አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያወርዳል። ድምፁ የሕዝቡ ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ነው የምታምነው። ተሳስቼ ነበር ለማለት ብትሞክርም አልሆነላትም፤ አልተሳሳተችምና። አባቷም ለእሷ ከመናገሩ በፊት አልተሳሳተችም ብሏል፤ እሷ ሳትሰማ፣ በሰው ቤት። አንድ ጊዜ ብቻ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠግታ፣ ያን ጠዋት የት ሄደህ ነበር ብላ ጠይቃው ቢሆን ኖሮ።

ከወጥ ቤት ሲወጡ ሳሎኑ ሁሉ አያቸው። ዳኛዬ እናቷ ፊት ቁጢጥ አለችና፣ እሁድ እኔ እናገራለሁ አለቻት። ምን እንደምትል አልጠየቀቻትም እናቷ፤ ጉንጯን በመዳፏ ያዘችው፣ በቃ። ሾፌሩ ከተቀመጠበት እያያት ነበር። ቆይ፣ አትሂድ፣ የምነግርህ አለኝ አለችው።

ሽማግሌው ተሰናብቶ ወጣ። የመኪናው ሾፌር ታች ነበር፤ ጠባቂም አብሮት አልመጣም። ዳኛዬ በሩን ልትዘጋ ስትል የደረጃውን ብረት በሁለት እጁ ይዞ በአንድ እግሩ ቀጣዩን ደረጃ ሲፈልግ አየችው። ተከትላው ወጣች። ክንዱን ስትይዘው ከካፖርቱ ሥር አጥንቱ ተሰማት፤ በሕመሙ ወራት አባቷን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ይዛ አላስነሳችውም። አንድ ደረጃ ወረዱ፣ ቆሙ። አንድ ደረጃ ወረዱ።

ከሁለተኛው ፎቅ በታች የደረጃው ብረት ተነቅሏል። ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ አየር ዳበሰና ተንገዳገደ።

«ቀስ ይበሉ፣ አባቴ» አለች።

ለማንኛውም ሽማግሌ የሚባል ቃል ነው፤ ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው። ሁለቱም ሰሙት። ዳኛዬ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ፊቱ ቆመች፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ እያለቀሰች መሆኗን እንዳያይ። እጁን አንስታ ትከሻዋ ላይ አኖረችውና ክብደቱ እስኪያርፍባት ድረስ ጠበቀችው።